በአራት አንጓ የምትታወቀው ተርብ

በሰከላ ተራራ ሥር ፈልቆ፣ ጣናን አቋርጦ፣ ጎጃምን በገደል ውስጥ ከዞረ በኋላ የደጋውን አፈር ተሸክሞ ወደ ምዕራብ የሚወርደው ዓባይ፣ ካርቱም ደርሶ ከነጭ ዓባይ ጋር ከመጋጠሙ በፊት በስተ ግራው አንድ ሰፊ ሜዳ ትቶ ያልፋል፤ ስሙም ገዚራ ነው። ይህ ሜዳ በ1925 የሰናር ግድብ ተሠርቶ ካለቀ ወዲህ (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በአንድ አስተዳደር ሥር በመስኖ ከሚለሙት የዓለም እርሻዎች ከታላላቆቹ አንዱ ሆኖ ስፋቱ ከ2 ሚሊዮን ፌዳን በላይ ደርሷል፤ ነዳጅ ዘይት ለገበያ እስከ ቀረበበት ዘመን ድረስም የሱዳን ግምጃ ቤት ቢሞላም ቢጎድልም ምክንያቱ በአብዛኛው በዚህ ሜዳ ላይ የበቀለው ጥጥ ነበር። ስለ ግድቡ፣ ስለ እንግሊዞቹ የተክል ኩባንያ፣ በገበሬውና በመንግሥት መካከል ስለነበረው የትርፍ ክፍያ ብዙ ተጽፏል። እኔ ግን አንባቢዬን የምጋብዘው፣ በዚያ ሰፊ እርሻ ላይ ከጥጥ ቅጠል በታች ማንም ሳያያት ስትወለድና ስትሞት የኖረችውን፣ ሰው ሳያውቅ በፈጃት ጊዜ ግን እጦቷ የእርሻውን ሚዛን ለማናጋት የበቃውን አንዲት ደቂቅ ተርብ እንዲመለከት ነው። ወገኗ ኤሬትሞሴሩስ ይባላል።

ተርቢቱን ለማወቅ አስቀድሞ ምግቧን ማወቅ ይገባል። ምግቧ ነጭ ዝንብ ነው፤ ነጭ ዝንብም ስሙ ዝንብ ይባል እንጂ ከዝንብ ጋር የሚያዛምደው የቅርብ ዘር የለውም፤ ዝንብ ሁለት ክንፍ ብቻ ሲኖረው ይህኛው ነጭ ዱቄት የተነሰነሰባቸው አራት ክንፎች አሉት፤ በጠባዩም በመርፌ አፉ የተክል ጭማቂ ከሚመጥጠው ከክሽክሽ ጋር ይቆጠራል። ግሪካዊው ፓናዮቲስ ጌናዲዮስ በ1889 ከትምባሆ ተክል ላይ አግኝቶ የገለጸው፣ ዛሬ ቤሚሲያ ታባቺ የሚባለው ዝርያ ትምባሆን ብቻ ሳይሆን ጥጥን፣ ቲማቲምን፣ ኪያርንና ሌሎች በመቶዎች የሚቆጠሩ ዕፀዋትን ይወርራል። እናቲቱ እንቁላሏን በቅጠሉ ግርጌ ትጥላለች፤ ከእንቁላሉ የወጣው እጭም ለጥቂት ጊዜ ከተንከራተተ በኋላ የሚስማማውን ስፍራ ሲያገኝ አፉን በቅጠሉ ውስጥ ተክሎ ይቀመጣል፤ ከዚያ በኋላ ቆዳውን እየለወጠ ያድጋል እንጂ ክንፍ አውጥቶ እስኪበር ድረስ ካለበት ስፍራ ንቅንቅ አይልም። ሊሸሽ የማይችል ፍጥረት ነውና፣ ጠላት ቢመጣበት ዕጣው የሚወሰነው በተቀመጠበት ነው።

ጉዳቱ ሦስት ዓይነት ነው። ጭማቂውን በመምጠጥ ተክሉን ያደክመዋል፤ ከገላው የሚያወጣው ተጣባቂ ፈሳሽ በተከፈተው ጥጥ ላይ ተንጠባጥቦ ክሩን ያጣብቀዋል፤ በመዳመጫና በመፍተያ ፋብሪካም መኪና ስለሚያቆም የገዥ አገር ነጋዴ ዋጋ ይቀንስበታል። ሦስተኛውና የከፋው ግን የበሽታ ተሸካሚነቱ ነው፤ ኪርክፓትሪክ የተባለው የነፍሳት ተመራማሪ በ1930 እና በ1931 ባወጣቸው ጽሑፎች በገዚራ የጥጡን ቅጠል አኮማትሮ የሚጠቀልለውን በሽታ ከተክል ወደ ተክል የሚያዛምተው ይኸው ነጭ ዝንብ መሆኑን ያስረዳው በዚያው በሱዳን ምድር ነበር። ቲማቲሙንም እንዲሁ ያደርገዋል፤ የሱዳን ተመራማሪዎች ያሲንና ኑር በ1965 የቲማቲሙን የቅጠል መጠቅለል በሽታ መርምረው ጽፈዋል። በካርቱም ዙሪያ በወንዙ ዳርቻ ቲማቲም የሚያለማ ሰው ተመራማሪ ሳይሆን ይህን በሽታ ያውቀዋል።

እንግዲህ ወደ ተርቢቱ እንምጣ። በአማርኛ ተርብ ስንል ወዲያው ትዝ የሚለን የሚናደፈው፣ ወገቡ የቀጠነው፣ በቤት ጣሪያ ሥር ጎጆ የሚሠራው ነው። ነገር ግን ከተርብ ወገኖች የሚበዙት ሰውን የማይነድፉ፣ ጎጆም የማይሠሩ፣ እንቁላላቸውን በሌላ ነፍሳት ገላ ላይ ወይም ውስጥ ጥለው ልጆቻቸው በዚያ እንዲያድጉ የሚያደርጉ ጥገኞች ናቸው። ጥገኛ ስንልም መዥገር በከብት ላይ እንደሚኖረው ያለ ጥገኛ እንዳይመስለን፤ መዥገር የሚመጥጠውን ከብት ሳይገድል ሊኖር ይችላል፤ የተርብ ጥገኛ ግን በመጨረሻ አሳዳሪውን ሳይገድል አይወጣም። ስለዚህ ሊቃውንት በአውሮፓ ቋንቋዎች ለዚህ ዓይነቱ ኑሮ የተለየ ስም አውጥተውለታል፤ እኛ ግን ነገሩን ከያዝን ዘንድ ጥገኛ ተርብ ብለን ብንሄድ አንሳሳትም።

ስዊድናዊው ካርል ሊኔየስ በ1758 ባሳተመው መጽሐፍ የእንስሳትን ስም በሥርዓት ካስቀመጠ ወዲህ፣ እያንዳንዱ ፍጥረት ከሰፊው ወደ ጠባቡ በሚወርድ መሰላል ይቆጠራል፤ በእኛ ትምህርት ቤቶችም ስፍን፣ ክፍለ ስፍን፣ መደብ፣ ክፍለ መደብ፣ አስተኔ፣ ወገን፣ ዝርያ እየተባለ ይነገራል። የኛይቱ ተርብ ስፍኗ እንስሳት፣ መደቧ ነፍሳት ነው። ክፍለ መደቧ ንብን፣ ጉንዳንንና ተርብን በአንድነት የሚሰበስበው ሃይሜኖፕቴራ ነው። በዚያም ውስጥ ካልሲዶይዲያ ከተባለው ታላቅ ጭፍራ ትገባለች፤ ይህ ጭፍራ እስካሁን ከ22,000 በላይ ዝርያዎች የተገለጹለት ሲሆን፣ ከነፍሳት ሁሉ የሚያንሰው፣ ርዝመቱ ከአንድ ሚሊሜትር ሰባተኛ እጅ የማይበልጥ ዕውር ወንድ ተርብ ሳይቀር የሚገኘው በዚሁ ውስጥ ነው። አስተኔዋ አፌሊኒዴ ይባላል፤ የዚህ አስተኔ ተርቦች ነጭ ዝንብን፣ ክሽክሽንና በዛፍ ቅርፊት ላይ የሚጣበቁትን ቅርፊት ለበስ ተባዮች በማጥፋት የታወቁ ናቸው። ወገኗ ኤሬትሞሴሩስ፣ በገዚራ የምትገኘው ዝርያዋም ሙንዱስ ይባላል።

ወገኑን መጀመሪያ ያቆመው የፔንሲልቫኒያው ሰው ሳሙኤል ሃልዴማን ነው፤ በ1850 አንድ አዲስ ነጭ ዝንብ ሲገልጽ ያንኑ ነጭ ዝንብ በልታ የወጣችውን ተርብ አብሮ ገለጻት። ሃልዴማን የነፍሳት ሊቅ ብቻ ሳይሆን የቋንቋም ሊቅ ነበረ፤ በዚያ ዘመን አንድ ሰው ቀንድ አውጣንም፣ ጥንዚዛንም፣ የአሜሪካ ሕንዶችንም ቋንቋ በአንድነት መመርመሩ እንደ ነውር አይቆጠርም ነበርና። ሙንዱስ የተባለችውን ዝርያ ደግሞ የስፔኑ ሪካርዶ ጋርሲያ መርሴት በ1931 ሰየማት፤ እርሱም ሙያው የጦር ሠራዊት መድኃኒት ቀማሚነት ሆኖ ዕድሜውን ለጥቃቅን ተርቦች የሰጠ ሰው ነበር። የወገኑ ስፍራ በአስተኔው ውስጥ ሲያከራክር ኖሯል፤ ከዘመዶቹ በብዙ ነገር ስለሚለይ ንኡስ አስተኔ ለብቻው ተሰጥቶት፣ በዚያ ንኡስ አስተኔ ውስጥ ያለ ሌላ ወገን ሳይጨመርበት ብቸኛ ሆኖ ተቀምጧል።

በቤተ ክርስቲያናችን የመልክዕ ድርሰት የሚባል አለ፤ ደራሲው ቅዱሱን ከራስ ጠጉሩ ጀምሮ እስከ እግሩ ጥፍር ድረስ፣ ለዓይኑ ሰላም፣ ለአፉ ሰላም፣ ለክንዱ ሰላም እያለ አካል በአካል ያወድሳል። የነፍሳት ሊቅ አዲስ ዝርያ ሲገልጽ የሚከተለው ሥርዓት ከዚህ እጅግ የራቀ አይደለም፤ ውዳሴው በልኬት ይተካ እንጂ፣ እርሱም ከራስ ተነሥቶ ወደ አንቴና፣ ከአንቴና ወደ ደረት፣ ከደረት ወደ ክንፍ፣ ከክንፍ ወደ እግርና ወደ ሆድ እየወረደ አንዳችም አካል ሳይዘል ይጽፋል። እኛም የኤሬትሞሴሩስን መልክ በዚሁ ቅደም ተከተል እንመልከት።

መጠኗ ከጤፍ ቅንጣት ያንሳል፤ አብዛኞቹ ዝርያዎች አንድ ሚሊሜትር አይሞሉም። ስለዚህ በባዶ ዓይን የሚያያት ሰው የሚያየው በቅጠል ላይ የምትራመድ ቢጫ ነቁጥ ብቻ ነው። የሙንዱስ ሴት መላ ሰውነቷ የሎሚ ቢጫ ነው፤ ወንዱ ጠቆር ያለ፣ ወደ ቡናማ የሚያደላ ቀለም አለው። ነገር ግን ቀለም ለተመራማሪ የታመነ ምስክር አይደለም፤ በብርድ ወራት ያደገችው ከሙቀቱ ወራት እኅቷ ልትጠቁር ትችላለች፤ በአልኮል ውስጥ የሰነበተ ገላም ቀለሙን ይለቃል። የታመነው ምስክር አጥንት የሚመስለው ጠንካራ ቆዳዋና በቆዳው ላይ የተቆጠሩት አንጓዎች ናቸው።

በራሷ ላይ ከሁለቱ ታላላቅ ዓይኖች ሌላ ሦስት ንኡሳን ዓይኖች በአናቷ ላይ ተቀምጠዋል፤ ይህ ግን የብዙ ነፍሳት ሁሉ ምልክት ነውና እርሷን ለይቶ አይነግረንም። የሚለያት አንቴናዋ ነው። የሴቲቱ አንቴና አምስት አንጓ አለው፤ መጀመሪያ ከራሷ ጋር የሚያያይዘው ረጅሙ አንጓ፣ ቀጥሎ አጭሩ፣ ከዚያም በግድ የሚታዩ ሁለት ቀለበት መሰል ትንንሽ አንጓዎች፣ በመጨረሻም ከሁሉ የሚረዝመውና የሚሰፋው፣ ክፍፍል የሌለበት ጫፉ። ወንዱ ከዚያም ያነሰ አለው፤ የእርሱ አንቴና ሦስት አንጓ ብቻ ሲሆን ጫፉ እጅግ ረዝሞ ከሌላው አንቴና ሁሉ ይልቃል። ብዙዎቹ የአስተኔዋ ዘመዶች ሰባት ስምንት አንጓ ሲኖራቸው እርሷ በአምስት፣ ወንዱም በሦስት መወሰናቸው ወገኑን በማይክሮስኮፕ ለማወቅ እጅግ የቀለለው መንገድ ነው። የጫፉ አንጓ ርዝመት ለስፋቱ ስንት እጥፍ እንደሚሆን ደግሞ ዝርያን ከዝርያ ለመለየት ይለካል።

ከደረቷ በላይ፣ በመካከለኛው ጋሻ ላይ፣ ጠጉሮች በጥንድ በጥንድ ሆነው በቅለዋል፤ የተመራማሪዎች መለያ መጽሐፍ ሁለት ጥንድ ናቸው ወይስ ሦስት ብሎ ይጠይቃል። አንባቢ ሊስቅ ይችላል፤ ነገር ግን እነዚህ ጠጉሮች በእያንዳንዱ ዝርያ ስፍራቸውንና ቁጥራቸውን ጠብቀው የሚገኙ በመሆናቸው፣ ቀለምና መጠን በዋሹበት ጉዳይ ሁሉ እነርሱ እውነት ሲመሰክሩ ኖረዋል። ክንፎቿ አራት ናቸው፤ በፊተኛው ክንፍ ላይ ንብ ያላት የመሰለ የጅማት መረብ የለም፤ በክንፉ ፊት ጠርዝ የሚሄድ አንድ አጭር ጅማት ብቻ ቀርቷል፤ በክንፉ ገጽ ላይ ከተዘሩት ጥቃቅን ጠጉሮች መካከልም ጠጉር የሌለበት አንድ ሰያፍ መስመር ያልፋል፤ በክንፉ ዙሪያም ረጃጅም ጠጉሮች እንደ ዘርፍ ተሰልፈዋል።

ከዚህ ቀጥሎ የጽሑፌ አርእስት ወደ ሆነው ወደ እግሯ እንደርሳለን። የነፍሳት እግር ጫፉ፣ መሬት የሚረግጠው ክፍል፣ በትናንሽ አንጓዎች የተከፋፈለ ነው፤ በካልሲዶይዲያ ጭፍራ ውስጥ ካሉት ብዙዎቹ አምስት አንጓ አላቸው፤ የኤሬትሞሴሩስ ግን በስድስቱም እግሮቿ አራት አራት ነው። ሆዷ ደግሞ ከደረቷ ጋር በሰፊው የተያያዘ በመሆኑ፣ ተርብ ሁሉ ወገበ ቀጭን ነው የሚለውን ያገራችንን አነጋገር ታፈርሳለች። እንቁላል የምትጥልበት መውጊያዋ አጭር ነው፤ ለምን አጭር እንደሆነ ኑሮዋን ስናይ ይገባናል።

በገዚራ ቅጠል ላይ ከእርሷ ጋር በአንድነት የምትገኝ፣ በመልክም በመጠንም የምትመስላት አንዲት ጎረቤት አለቻት፤ እርሷም ኤንካርሲያ የተባለው ወገን ዝርያ የሆነችው ሉቴያ ናት። ኤንካርሲያ ከአራት መቶ በላይ ዝርያዎች ያሉት ታላቅ ወገን ነው። ሁለቱም ቢጫ ናቸው፤ ሁለቱም ነጭ ዝንብን ይበላሉ፤ ነገር ግን የኤንካርሲያ ሴት አንቴናዋ ስምንት አንጓ፣ የፊትና የኋላ እግሮቿ ጫፍ አምስት አንጓ አለው። ማይክሮስኮፕ የሌለው ሰውም ቢሆን አጉሊ መነጽር ይዞ የጥጥ ቅጠል ቢገለብጥ ሥራቸውን ከነጭ ዝንቡ ሥራ ሊለይ ይችላል፤ ነጭ ዝንብ ራሱ በሰላም አድጎ ሲወጣ ባዶውን ቅርፊት ቲ በተባለው የላቲን ፊደል አምሳል ሰንጥቆ ይወጣል፤ ተርብ ግን በቅርፊቱ ጀርባ ላይ ክብ ቀዳዳ በልታ ትወጣለች። ተርቢቱ ገና በውስጡ ሳለች ደግሞ በሙሽሬው ጎንና ጎን ጥቁር ጥቁር የዓይነ ምድር ፍሬ ከታየ ያደገችው ኤንካርሲያ ናት፤ ኤሬትሞሴሩስ ከመውጣቷ በፊት እንዲህ ያለ ነገር አትጥልምና ቅርፊቱ ንጹሕ ቢጫ ሆኖ ይታያል።

የሁለቱ ኑሮ ከመልካቸው ይልቅ ይራራቃል። ኤንካርሲያ መውጊያዋን በነጭ ዝንቡ እጭ ገላ ውስጥ አስገብታ እንቁላሏን በውስጡ ትጥላለች። ኤሬትሞሴሩስ ግን እጩን አትወጋም፤ በጠርዙ በኩል መውጊያዋን ወደ ታች አሾልካ እንቁላሏን በእጩ ሆድና በቅጠሉ መካከል ትተዋለች። ከዚያ የምትፈለፈለው ልጅ በእጩ ሥር ተሸሽጋ፣ ከታች ወደ ላይ ቆዳውን በልታ ትገባለች፤ በገባችም ጊዜ የእጩ ገላ ዙሪያዋን ከብቦ ከረጢት የመሰለ ነገር ይሠራል፤ በዚያ ከረጢት ውስጥ ሆና ውስጡን ሁሉ ፈጅታ ታድጋለች። ይህ ከረጢት የዚህ ወገን ልዩ ምልክት እንጂ ለሌሎቹ የተሰጠ አይደለም። እናቲቱ በበኩሏ ለእንቁላሏ የማትፈልገውን እጭ ወግታ ደሙን ጠጥታ ትገድለዋለች፤ ስለዚህ በአንድ ቅጠል ላይ የገደለችው ነጭ ዝንብ በክብ ቀዳዳ ቁጥር ከሚታየው ይበልጣል።

የኤንካርሲያ የትውልድ ሥርዓት ደግሞ ሰምቶ ለማመን የሚያስቸግር ነው። በብዙዎቹ የወገኑ ዝርያዎች ከወንድ ዘር ጋር የተዋሐደው እንቁላል ሴት ሆኖ በነጭ ዝንብ ውስጥ ሲያድግ፣ ያልተዋሐደው እንቁላል ወንድ ይሆናል፤ ይህም ወንድ በነጭ ዝንብ ውስጥ ሊያድግ አይችልም፤ እናቱ በማደግ ላይ ባለች የራሷ ወገን ሴት ወይም በሌላ ተርብ ላይ ትጥለዋለች፤ እርሱም ያችን በልቶ ይወለዳል። እንግዲህ የቤሚሲያ ጠላት የሆነችው ኤንካርሲያ፣ ወንድ ለመውለድ ስትል የኤሬትሞሴሩስን ልጅ ልትፈጅ ትችላለች ማለት ነው። በግዕዝ ተተርጉሞ በአባቶቻችን ዘንድ ይነበብ የነበረው ፊሳልጎስ የእንስሳትን ጠባይ እየነገረ ምሳሌ ያወጣበት ነበር፤ የዚህችን ጠባይ ቢያውቀው ኖሮ ምን ምሳሌ እንደሚያወጣበት እኔ ለመገመት አልደፍርም።

ይህን ሁሉ ለማየት ምን ያህል ትዕግሥት እንደሚያስፈልግ አንባቢ ያስብ። ተርቢቱ በመርፌ ተወግታ በሣጥን የምትቀመጥ አይደለችም፤ ገላዋ በኬሚካል ጠርቶ ውስጡ እንዲታይ ከተደረገ በኋላ በመስተዋት ስላይድ ላይ ክንፏና አንቴናዋ ተዘርግቶ በበለሳን ትታሸጋለች። በሱዳን ይህን የመሰለ ሥራ የሚሠራበት ስፍራ የተዘረጋው በካርቱም በሰማያዊው ዓባይ ዳር በጎርደን መታሰቢያ ኮሌጅ ውስጥ በተቋቋመው የዌልካም የሐሩር አገር ምርምር ላቦራቶሪ ነበር፤ የመድኃኒት ነጋዴው ሄንሪ ዌልካም የለገሰው ይህ ላቦራቶሪ አንድሩ ባልፎር በተባለ ሐኪም ይመራ ነበር፤ ከ1906 ጀምሮም ኤች. ኤች. ኪንግ የነፍሳት ሊቅ ሆኖ በዚያ ሠርቷል። ኋላም የጥጡ ምርምር በ1918 ወደተመሠረተው ወደ ወድ መደኒው የገዚራ ጣቢያ ተጠቀለለ። የሁለቱን ተርቦች ኑሮ በገዚራ በዝርዝር መርምሮ በ1969 ጽሑፉን ያሳተመው ሱዳናዊው ጋሚል ነው። እስከዚያ ድረስ ስለ ነጭ ዝንቡ የተጻፈው ብዙ፣ ስለ ጠላቶቹ የተጻፈው ግን ጥቂት ነበር።

ጋሚል ጽሑፉን ባወጣበት ወራት የገዚራ እርሻ በመድኃኒት ጎርፍ ውስጥ መግባት ጀምሮ ነበር። ዲ.ዲ.ቲ. በጥጡ ላይ መጀመሪያ የተረጨው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ጋር፣ ጃሲድ የተባለውን የቅጠል ተባይ ለማጥፋት ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በአንድ የጥጥ ወራት አንድ ጊዜ መርጨት ይበቃ ነበር። በ1970ዎቹ ግን የመድኃኒት ኩባንያዎች የእርሻውን ጥበቃ በውል ጠቅልለው የያዙበት ሥርዓት መጣ፤ የርጭቱም ቁጥር እየጨመረ ሄዶ በ1978/79 ወራት በአማካይ ወደ 9 ደረሰ። ነጭ ዝንቡም በርጭቱ መብዛት አልጠፋም፤ እንዲያውም በዝቶ ከሁሉ የከፋ ተባይ ሆነ፤ የሱዳን ጥጥ ተጣባቂ ነው የሚል ክፉ ስም በዓለም ገበያ ላይ ተሰማ። ነጭ ዝንቡ መድኃኒቱን ለመደው፤ በቅጠል ግርጌ የምትራመደውና ገላዋ ለመርዙ የተጋለጠው ቢጫ ተርብ ግን አልለመደችውም። አርሶ አደሩና ረጪው አውሮፕላን ጠላትን ከወዳጅ የሚለይ ምልክት አልያዙም ነበር፤ ምልክቱ በወድ መደኒ በመስተዋት ላይ ታሽጎ ተቀምጦ ነበር።

ነገሩን በዚህ ብቻ ማስረዳት ግን ቀላል ያደርገዋል። የነገሩን ታሪክ በኋላ የመረመሩ አንዳንድ ተመራማሪዎች፣ የነጭ ዝንቡ መብዛት ከመርዙ ይልቅ ከእርሻው አዘራር ለውጥ የመጣ ነው ይላሉ፤ መሬቱ ዕረፍት አጥቶ ነጭ ዝንቡን የሚያስተናግዱ ሌሎች ሰብሎች ከጥጡ ጋር እየተደራረቡ መዘራታቸውን ይጠቅሳሉ። ይህም ሐሳብ የማይናቅ ነው። ሌላም ነገር አለ፤ ጃሲድ ጠጉራም ቅጠል አይወድም፤ ስለዚህ ለገበሬው ጠጉራም ቅጠል ያለው ጥጥ ይመረጥለት ነበር፤ ማውንድ የተባለው ተመራማሪ ግን በ1965 በገዚራ ባደረገው ጥናት ነጭ ዝንብ በጠጉራም ቅጠል ላይ ይበልጥ እንደሚበዛ አሳየ። ስለዚህ አንዱን ተባይ የሚከለክለው ጠጉር ለሌላው መሸሸጊያ ሆነለት፤ በጠጉር ጫካ ውስጥ የምትራመድ ደቂቅ ተርብም እግሯ እየተሰናከለ ጉዞዋ ይዘገያል። እኔ ሁለቱንም ወገን ካነበብሁ በኋላ ያዘነበልሁት፣ ሰብሉም መርዙም እጃቸው አለበት፣ ነገር ግን የተርቢቱን ኃይል ከሜዳው ያስወገደው መርዙ ነው ወደሚለው ነው።

በ1979 የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት፣ በሆላንድ መንግሥት ገንዘብ፣ ከሱዳን የእርሻ ምርምር ጋር ሆኖ የተባይ መቆጣጠሪያውን ሥርዓት ለማስተካከል ሥራ ጀመረ። ለርጭት የሚያስፈቅደውን የነጭ ዝንብ ቁጥር ከፍ አደረጉት፤ ርጭቱም በወራቱ መጀመሪያ እንዲዘገይ መከሩ፤ ተርቦቹ የሚበዙበትን ጊዜ ሰጧቸው። ዲ.ዲ.ቲ. በ1981 ከጥጡ እርሻ ታገደ። የርጭቱ ቁጥር ወረደ፤ ጥጡም አልጠፋም።

የሚያሳዝነው፣ ይህን ዕውቀት የያዙት ስፍራዎች ዛሬ ባሉበት አለመገኘታቸው ነው። ሚያዝያ 2023 በካርቱም በተነሣው ጦርነት የካርቱም ዩኒቨርሲቲ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ወደመ፤ በታኅሣሥ 2023 ወድ መደኒ በተያዘች ጊዜም የእርሻ ምርምሩ የዘር ማከማቻ ተዘረፈ። የነፍሳት ስብስብ ማለት የተሰበሰቡበት ቀንና ስፍራ የተጻፈባቸው የሙታን ምስክሮች ጉባኤ ነውና፣ አንዴ ከተቃጠለ በአዲስ ምርት አይተካም፤ የ1960ዎቹን የገዚራ ተርብ ዛሬ ማንም ሊሰበስብ አይችልም።

አንድ ነገር ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ቀርቶብኛል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ነጭ ዝንብ በካሊፎርኒያና በአሪዞና እርሻዎች ላይ በተነሣ ጊዜ፣ አሜሪካኖች የተፈጥሮ ጠላቱን ፍለጋ ወደ ብዙ አገሮች ሰው ላኩ፤ ከየአገሩ የመጡት ተርቦችም በቴክሳስ ሚሽን ከተማ ባለው ጣቢያ ቁጥር እየተሰጣቸው ተባዙ። ከነዚያ መካከል ከኢትዮጵያ የመጣች አንዲት ኤሬትሞሴሩስ ነበረች፤ የጣቢያው ቁጥሯም ኤም96076 ነበር። ተርቢቱ ተለቀቀች፤ በበረሃው ጥጥ ላይም ጸናች፤ በአሪዞና በተደረገው የብዙ ዓመታት ክትትል ይህች የኢትዮጵያ ተርብ ከፓኪስታን ከመጣች አንዲት ኤንካርሲያ ጋር ሆና የአገሩን ተወላጅ ተርቦች በአብዛኛው አስለቅቃ ተገኘች።

ዞልነሮዊችና ሮዝ የተባሉት ሁለት ሊቃውንት በ1998 ከውጭ የመጡትን ኤሬትሞሴሩሶች መርምረው ከተባበሩት የዓረብ ኤምሬቶች የመጣችውን ኤሚራቱስ፣ ከፓኪስታን የመጣችውንም ሃያቲ ብለው ሰየሙ። የኢትዮጵያይቱ ግን ለኤሚራቱስ እጅግ ከመቅረቧ የተነሣ፣ እርሷ ናት ለማለትም፣ አይደለችም ለማለትም የአንቴናው ልኬትና የደረቱ ጠጉር አልበቃም፤ ስለዚህ በምርምር ጽሑፎች ውስጥ «ለኤሚራቱስ የቀረበች፣ የኢትዮጵያ» እየተባለች ስትጠቀስ ኖራለች። ስም ሊወጣላት ከተፈለገ፣ በአገሯ በጥጥና በቲማቲም ቅጠል ላይ እንደገና መሰብሰብ፣ በመስተዋት ላይ መታሸግ፣ ከኤሚራቱስ ጋር ተዳቅላ ልጅ ትወልድ እንደሆነ መፈተን፣ የዘር ቅንጣቷም መነበብ አለበት፤ የናሙናውም ስብስብ ከኤምሬቶቹ ናሙና ጋር በአንድ ጠረጴዛ ላይ መቀመጥ ይኖርበታል። በአዋሽ ሸለቆ፣ በመልካ ወረር አካባቢ፣ ነጭ ዝንብ የጥጥ ገበሬውን ሲያስቸግር የኖረ በመሆኑ፣ ፍለጋው ከዚያ ቢጀመር ቅጠል አይታጣም።